ሕገ ተፈጥሮ፦ የሚበረታው የት ነው? የሚሰንፈውስ?

 

ድሮ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ጉልበት ያነሰው ወገን አንድ መሣሪያ ነበረው። «በሕግ አምላክ!» ይላል። ባለዱላው እጁን ከሰበሰበ ሰበሰበ፤ ካልሰበሰበ ግን ነውሩ የእሱ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይፈርድበታል። ያ ሰው የጠቀሰው አንቀጽ የለም። ዳኛም አጠገቡ አልነበረም። ከዱላውም፣ ከባለዱላውም፣ አንዳንዴም ከአገሩ ሹም በላይ የሆነ ፍርድ አለ ብሎ ነው የጮኸው። ዛሬ የምንነጋገርበት የሕገ ተፈጥሮ ሥነ ምግባርም ይህንኑ እምነት ይዞ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲከራከር ኖሯል።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ትክክልና ስህተት የሚለየው ንጉሥ ስላወጀ፣ ምክር ቤት ስለደነገገ ወይም ብዙ ሰው ስለተስማማ አይደለም። ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚያለማው ነገር አለ፤ የሚያጠፋውም አለ። ይህን ደግሞ በአእምሮው መርምሮ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ሳይጻፍም የሚያስገድድ ሕግ አለ ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛ አገር ጆሮ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ያደጋችሁ ዘመነ ሕገ ልቡናን ታውቃላችሁ፤ ሙሴ ጽላቱን ሳይቀበል፣ ሰዎች በልቡናቸው ተመርተው የኖሩበት ዘመን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ፣ ኦሪት ያልተሰጣቸው አሕዛብም በልባቸው የተጻፈ ሕግ እንዳላቸው ይናገራል። ሙስሊም አድማጮቻችን ደግሞ ሰው ይዞት ስለሚወለደው ቀና ዝንባሌ፣ ስለ ፊጥራ ሰምታችኋል። ሁሉም አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። ጎረቤታሞች ናቸው።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች የአውሮፓውያኑ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን አስታውቃለሁ።

አሪስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ የዘመኑን አንድ ክርክር ያነሣል። እሳት በግሪክም በፋርስም እኩል ያቃጥላል፤ የሰው ደንብ ግን ከአገር አገር ይለያያል፤ ታዲያ ፍትሕ ሁሉ ሰው ሠራሽ አይደለምን? አሪስቶትል አይደለም ይላል፤ ቢለዋወጥም በፍትሕ ውስጥ ከተፈጥሮ የመጣ ድርሻ አለ ባይ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ሐሳቡን ተቀብሎ ለሕግ ሰዎች አስተላለፈው። ዛሬ ተማሪዎች የሚያጠኑትን መልክ የሰጠው ግን ቶማስ አኳይናስ ነው። በ1225 ገደማ ጣሊያን ውስጥ ሮካሴካ በሚባል ስፍራ ተወለደ፤ በ1274 ዋና ሥራውን «ሱማ ቴዎሎጂካ»ን ሳይጨርስ ሞተ።

የቶማስ መነሻ አጭር ነው፤ መልካሙን አድርግ፣ ክፉውን ሽሽ። መልካሙ ምንድን ነው ሲሉት የሰውን ዝንባሌ ተመልከቱ ይላል። ህልውናን መጠበቅ ከፍጥረት ሁሉ ጋር የምንጋራው ነው። መዋለድና ልጅ ማሳደግን ከእንስሳት ጋር እንጋራለን። ስለ ፈጣሪ እውነቱን መሻትና ከሌሎች ጋር በማኅበር መኖር ግን የሰው ብቻ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ይህን በአምስት ነጥብ ቆርጠው ያስሸመድዳሉ። ቶማስን ደረቅ የደንብ ሰው የሚያስመስለውም ይህ ሽምደዳ ይመስለኛል፤ ሰውየው እንዲያ አልነበረም። ራሱ የሚሰጠውን ምሳሌ ስሙት። አደራ ይመለሳል፤ የአደራን ክብደት ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ነገር ግን ባለንብረቱ አደራውን የሚፈልገው አገር ለመውጋት ቢሆንስ? ያን ጊዜ መመለሱ ጥፋት ይሆናል ይላል ቶማስ። ጥቅሉ መርሕ ለሁሉም አንድ ነው፤ ወደ ዝርዝር በወረድን ቁጥር ግን እርግጠኛነታችን ይቀንሳል። ይህችን የቶማስን ጥንቃቄ ያዙልኝ። ኋላ ተከታዮቹ ሲዘነጓት ምን እንደደረሰ እናያለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ።

የሕገ ተፈጥሮ ትልቁ ጉልበት ለሥልጣን «አይሆንም» ማለት መቻሉ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ የናዚ ሹማምንት ኑረምበርግ ላይ ለፍርድ ሲቀርቡ፣ ብዙዎቹ «የታዘዝነውን ፈጸምን፤ በአገራችን ሕግ ወንጀል አልነበረም» አሉ። በነሐሴ 1945 ለንደን ላይ የተፈረመው የችሎቱ መመሥረቻ ሰነድ ግን ይህን በር አስቀድሞ ዘግቶት ነበር። በሰብእና ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ በተፈጸመበት አገር ሕግ ተከለከለም አልተከለከለም፣ ያስቀጣል ይላል። ችሎቱ ሕገ ተፈጥሮን መመሪያዬ አድርጌአለሁ ብሎ አላወጀም፤ ያለዚህ ሐሳብ ግን አንቀጹ በምን ላይ ይቆማል? ጀርመናዊው የሕግ ሊቅ ጉስታቭ ራድብሩኽም በ1946 ኢፍትሐዊነቱ ልክ ያጣ ሕግ ሕግነቱን ያጣል ብሎ ጻፈ።

ተቃራኒ አስተያየትም ነበር፤ ያውም ቀላል ያልሆነ። እንግሊዛዊው ኸርበርት ሃርት በ1958 እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ የናዚ ሕግ ክፉ ቢሆንም ሕግ ነበር። ክፉ ሕግ መታዘዝ የለበትም፤ ነገር ግን ሕግ አልነበረም ብለን ወደ ኋላ ተመልሰን ስንቀጣ ምን እያደረግን እንደሆነ ለራሳችን አንዋሽ። የሃርት ሐቀኝነት ደስ ይለኛል። ይሁንና እሱም ቢሆን «መታዘዝ የለበትም» ሲል ከተጻፈው ሕግ ውጭ የሆነ መለኪያ ይዞ ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት ይህን ቋንቋ ይናገራል። በ1987 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 የሰብአዊ መብትን ምንጭ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ያደርገዋል። መንግሥት የሰጠው ስላልሆነ መንግሥት የሚነሣውም አይደለም ማለት ነው። በተግባር ምን ያህል ተከብሯል የሚለው ሌላ ዝግጅት የሚሻ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የምለው መብቱ ሲጣስ «ግፍ ነው» ለማለት የሚያስችለው መሠረት የት እንደተቀመጠ ነው።

ሁለተኛው ጉልበቱ የራስን ወገን ጭምር መመርመር ማስቻሉ ነው። የዘርዓ ያዕቆብ «ሐተታ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የመጽሐፉ ደራሲ ማን ነው የሚለው ክርክር አልተዘጋም፤ አንዳንድ ሊቃውንት የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ሲሉ፣ ሌሎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ጻፈው ይላሉ። ማንም ይጻፈው፣ አካሄዱ የሕገ ተፈጥሮ ነው። ፈጣሪ በሠራው ሥርዓት ላይ የሚያምፅ ትእዛዝ ከፈጣሪ ሊሆን አይችልም የሚለውን መመዘኛ ይዞ ወደ ሃይማኖቶች ሁሉ ይዞራል። በወር አበባ ላይ ያለችን ሴት ርኩስ የሚላትን የኦሪት ደንብ ይነቅፋል፤ ምንኩስናን ይነቅፋል፤ ብዙ ሚስት ማግባትን ይነቅፋል፤ ሰውን እንደ ከብት መሸጥንም አይምርም። ሁሉም አማኝ የሚቆጣበት ነገር ያገኝበታል። ይህ እንደ ድፍረት ሊቆጠር ይችላል፤ ለሚዛኑ እኩልነት ግን ምስክር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው አንድ ጥያቄ ስትጠይቁ ነው። ተፈጥሮ ምን እንደሚል የሚተረጉመው ማን ነው?

በሚያዝያ 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ በርሚንግሃም እስር ቤት ሆኖ በጻፈው ደብዳቤ የአኳይናስን ስም ጠርቶ፣ በዘላለማዊውና በተፈጥሮ ሕግ ላይ ያልተመሠረተ የሰው ሕግ ፍትሐዊ አይደለም ሲል የዘር መድልዎን አወገዘ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1965፣ የቨርጂኒያው ዳኛ ሊዮን ባዚል በሪቻርድና በሚልድረድ ላቪንግ ጉዳይ ላይ ጻፈ። ባልየው ነጭ፣ ሚስትየዋ ጥቁር ናቸው፤ ወንጀላቸው መጋባታቸው ነው። ዳኛው ደግሞ ፈጣሪ ዘሮችን በተለያየ አህጉር ያሰፈራቸው እንዲቀላቀሉ ስላልፈለገ ነው የሚል ምክንያት ሰጠ። አንድ አገር፣ አንድ ዘመን፣ ሁለቱም የፈጣሪን ሥርዓት ይጠቅሳሉ! የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 ያንን ሕግ በሙሉ ድምፅ ሻረው። እስከዚያ ድረስ ግን የዳኛው «ተፈጥሮ» ባልና ሚስቱን ከተወለዱበት ግዛት አሰድዶ አቆይቷቸዋል።

ወደ ኋላ ብንሄድ ነገሩ ይብሳል። በ1550 እና በ1551 ስፔን ውስጥ ቫላዶሊድ ከተማ ላይ ሁለት ሰዎች በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተሟገቱ፤ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች በጦር ማስገበር ይገባል ወይስ አይገባም ብለው። ሁዋን ጊኔስ ዴ ሴፑልቬዳ ከአሪስቶትል የተማረውን ይዞ መጣ፤ በተፈጥሮአቸው ለመታዘዝ የተፈጠሩ ሰዎች አሉ፤ እነዚህም የሰው መሥዋዕት እያቀረቡ የተፈጥሮን ሕግ ይጥሳሉ አለ። ጳጳሱ ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ ከዚያው ከተፈጥሮ ሕግ ተነሥቶ አእምሮ ያላቸው፣ ከተማና አስተዳደር ያላቸው ሰዎች ናቸው፣ ነፃነታቸውም የተፈጥሮ ነው ሲል ተከላከለላቸው። ጉባኤው ቁርጥ ያለ ፍርድ አልሰጠም፤ ሁለቱም ረታን ብለው ሄዱ። ላስ ካሳስን ስናደንቅ ግን አንድ ነገር አንሸሽግ፤ ቀደም ባሉት ዓመታት የነባሮቹን ሥቃይ ለማቅለል ብሎ አፍሪካውያን ባሮች ይምጡ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኋላ ክፉኛ ተጸጽቶበታል። ለአንዱ የታየው ተፈጥሯዊ ነፃነት ለሌላው ለመታየት ዓመታት ፈጀ።

ይህን በስፔን ላይ ብቻ ጥለን አንለፈው። «ፍትሐ ነገሥት»ን ታውቁታላችሁ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ክርስቲያን ሊቅ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው፣ ወደ ግእዝ ተመልሶ በእኛ አገር ለዘመናት የተዳኘንበት መጽሐፍ ነው። ስለ ባርነት የሚናገረው ክፍል እንዴት እንደሚጀምር አስተውሉ። ሰዎች ሁሉ በተፈጥሮ በነፃነት ይተካከላሉ፤ አንዱን ለሌላው ተገዢ ያደረገው ጦርነትና የፈረስ ኃይል ነው የሚል መግቢያ አለው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሕገ ተፈጥሮ አነጋገር ከየት ይመጣል? እዚያው ሳይርቅ ግን ከኦሪት ጠቅሶ ከሌላ ሕዝብ የተማረከ ሰው ባሪያ ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ከዚያም ስለ ባሪያ አያያዝና ስለ ነፃ ማውጣት ደንብ ይዘረዝራል። ሊቃውንቱ መግቢያውን አነበቡ፤ ባለባሪያው የፈቀደለትን ክፍል ያዘ። ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ የተሻረው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው። መርሑ ከመጽሐፉ መምጣት ጀምሮ በግእዝ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር።

ከዚህ የምረዳው፣ መርሑ ትክክል ቢሆንም ራሱን ማስከበር አለመቻሉን ነው። የሚያስከብረው ሰው፣ ፖለቲካና ትግል ይፈልጋል።

ፈላስፎች ደግሞ ሌላ ስንጥቅ ያሳዩናል። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ከ1739 ጀምሮ ባሳተመው መጽሐፉ እንዲህ የሚል ሐሳብ አነሣ፦ ጸሐፊዎች ስለ ነገሮች አኳኋን ሲያወሩ ይቆዩና ሳናስበው ወደ «ይገባል»፣ «አይገባም» ይሻገራሉ፤ ድልድዩን ግን አያሳዩንም። እዚሁ «ሐተታ» ውስጥ ምሳሌ አለላችሁ። ወንድና ሴት በቁጥር እኩል ይወለዳሉ፤ አንዱ ብዙ ሴት ቢያገባ ሌላው ሚስት ያጣል፤ ስለዚህ አንድ ለአንድ የፈጣሪ ሕግ ነው ይላል። ድምዳሜው ለብዙዎቻችሁ ደስ ይል ይሆናል። ግን የቁጥሩ እኩልነት ብቻውን ግዴታ አይወልድም። በጦርነት ወንዱ አልቆ ሴቱ ቢበዛ ሕጉ ይለወጣል ማለት ነውን? ከቁጥሩ በስተጀርባ ስለ ፍትሐዊ ድርሻ የተደበቀ ሌላ ሐሳብ አለ፤ ሥራውን የሚሠራውም እሱ ነው።

የአካል ክፍል ሁሉ የራሱ ዓላማ አለው፣ ከዓላማው ውጭ መጠቀም ጥፋት ነው የሚለውም ክርክር እንዲሁ ይንገዳገዳል። ጥርስ የተሠራው ለማኘክ ነው እንበል። ክሩን በጥርሱ የሚበጥስ ልብስ ሰፊ ምን በደለ? ይህ ቀልድ ይመስላል፤ በመኝታ ቤት ጉዳይ ላይ ሲመጣ ግን ቀልድ አልሆነም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1968 ባወጡት «ሁማኔ ቪቴ» በተሰኘ መልእክታቸው ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያን የከለከሉት ተራክቦ ከመውለድ ዓላማው አይለይ በሚል ነው፤ ጉዳዩን እንዲያጠኑ ከተመደቡት አብዛኞቹ እንዲፈቀድ የመከሩ ቢሆንም። ቀን ቆጥሮ መታቀብ ግን ተፈቅዷል። ብዙ ካቶሊኮች ራሳቸው የልዩነቱ ሚዛን አልገባቸው ብሎ ቀርቷል።

አሁን ደግሞ ንድፈ ሐሳቡ የሚበረታበትንና የሚሰንፍበትን አንድ ቦታ ላይ አብረን እንይ፤ ሆስፒታል እንግባ። ቶማስ ራስን ስለ መከላከል ሲጽፍ አንድ ድርጊት ሁለት ውጤት ሊኖረው እንደሚችል ያስተውላል፤ የታሰበበትና ያልታሰበበት። ራሱን ለማዳን የተከላከለ ሰው አጥቂው ቢሞት፣ መጠኑን ካላለፈ በስተቀር ነፍሰ ገዳይ አይባልም። ኋላ የመጡት ሊቃውንት ይህን ወደ ሕግ አሳደጉት። ድርጊቱ በራሱ ክፉ አይሁን፤ የታሰበው መልካሙ ይሁን፤ ክፉው ውጤት ለመልካሙ መሣሪያ አይሁን፤ የሚገኘው ጥቅም ከጉዳቱ ጋር ይመጣጠን። ለሞት በቀረበ በሽተኛ ሥቃይ ላይ ሞርፊን የሚያዝ ሐኪም በዚህ ያርፋል፤ የሚፈልገው ሥቃዩን ማስታገስ ነው፣ ሞቱን አይደለም። ውጤቱን ብቻ የሚቆጥሩ ንድፈ ሐሳቦች ይህን በማስታገስና በመግደል መካከል ያለ ልዩነት በቀላሉ አያስረዱም። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ከጎኑ ባለው ክፍል ግን ሌላ በሽተኛ አለች። እርግዝናዋ ከማሕፀን ውጭ፣ የማሕፀን ቱቦዋ ውስጥ ነው። ጽንሱ እዚያ አድጎ ሊወለድ አይችልም፤ ቱቦው ከፈነዳ ደግሞ እናቲቱ ደሟ ፈስሶ ልትሞት ትችላለች። ሐኪሞች ቱቦውን ቆርጠው ሊያወጡት ይችላሉ፤ ጊዜው ካላለፈ ደግሞ ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ሰጥተው ቱቦውን ሊያተርፉላት ይችሉ ይሆናል። ሕጉን አጥብቀው የሚይዙ ሊቃውንት ቱቦውን መቁረጥ ይፈቀዳል ይላሉ፤ የታመመ አካል ነው የወጣው፣ የጽንሱ ሞት ያልታሰበ ውጤት ነው። መድኃኒቱ ግን ጽንሱን በቀጥታ ያጠቃል፤ አይፈቀድም። በካቶሊክ ሊቃውንት መካከል እንኳ ስምምነት የለም። እስቲ አስቡት፤ በሁለቱም መንገድ ጽንሱ አይተርፍም። አንደኛው መንገድ ግን ሴትየዋን ቱቦዋን ያስከፍላታል፤ የሐሳቡ ንጽሕና እንዲጠበቅ። በዚህ እኔ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር እለያያለሁ። ቶማስ ወደ ዝርዝር ስትወርዱ እርግጠኛነታችሁ ይቀንስ ያለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር።

ንድፈ ሐሳቡ አላረፈም። አውስትራሊያዊው ጆን ፊኒስ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ከአካል ዓላማ መነሣትን ትቶ፣ ማንም ሰው ሲያስብ ለራሳቸው ሲባል የሚሹ መሆናቸውን የሚቀበላቸውን መልካም ነገሮች ሰባት አድርጎ አቀረበ፦ ሕይወት፣ ዕውቀት፣ ጨዋታ፣ ውበትን ማጣጣም፣ ወዳጅነት፣ አስተውሎ መኖርና ሃይማኖት። ጨዋታ መግባቱ ደስ ይለኛል። በዚህ ከሂዩም ጥያቄ የማምለጥ ዕድሉ ሰፊ ነው። ነገር ግን ለምን ሰባት? ሥራስ? ነፃነትስ? የሚል ሁሉ ዝርዝሩን ሊያስረዝመው ይችላል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሕገ ተፈጥሮ በጥቅሉ ሲናገር፣ በተለይ ጉልበተኛውን ሲከለክል፣ እስከ ዛሬ የሚተካከለው አላገኘሁም። ወደ ጓዳችን ገብቶ እያንዳንዱን ድርጊት በደንብ ሊለካ ሲነሣ ግን የራሱን የባለቤቶቹን ልማድ «ተፈጥሮ» እያለ ሲጠራ ደጋግሞ ተይዟል። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ከተፈጥሮ ውጭ ነው» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ አትቀበሉት፤ ዝም ብላችሁም አትናቁት። ከየትኛው የሰው ፍላጎት ተነሥተህ ነው በሉት። ደንቡ ሲጸና የሚጠቀመው ማን፣ ዋጋውን የሚከፍለውስ ማን እንደሆነም ጠይቁት። ሴፑልቬዳ ይህን ቢጠየቅ ምን ይመልስ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ለፈተና የምትዘጋጁ ተማሪዎች፣ አምስቱን ነጥብ ሸምድዳችሁ ብቻ አትግቡ። የአኳይናስን ጽሑፍ ራሱን አንብቡት፤ ከ«ሱማ» የሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያው ምድብ፣ ጥያቄ 94። ስድስት አንቀጽ ብቻ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል።